ሁሉም ዘይት ያው ነውን? የሲቪቲ ካምቢዮ ዘይት አመራረጥ

በዚህ ቡሌቲን ላይ ብዙውን ጊዜ የምናነበው ስለ ዜና አጻጻፍ፣ ስለ ሬዲዮ ዝግጅት ወይም ስለ ፎቶግራፍ አነሳስ ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ ስለ መኪና ዘይት ይዤ ቀርቤአለሁ። «ጋዜጠኛንና የካምቢዮ ዘይትን ምን አገናኛቸው?» የምትሉ አትጠፉም። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ እንደ እናንተው ነበርኩ። ነገር ግን በራሴ እጅ የገዛሁት 3 ሊትር ዘይት ቤታችንን ከባድ ወጪ ውስጥ ስለከተተና ነገሩን ለማወቅ ብዙ ሰው መጠየቅ፣ ብዙም ማንበብ ስለነበረብኝ፣ ያወቅሁትን ለእናንተ ማካፈል ይገባኛል ብዬ ተነሳሁ። ከመምህራኖቻችንም ከተማሪዎቻችን ቤተሰቦችም መካከል እንዲህ ዓይነት መኪና የሚነዱ ጥቂት እንዳልሆኑ አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው

የምኖረው አጎቴ ቤት ነው። አጎቴ የ2006 ሞዴል ቪትዝ አላቸው፤ ስልክ እየተደወለላቸው ሰው ያመላልሳሉ። ቤት ውስጥ ስድስት ነን። የቤት ኪራዩም፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያም፣ የእኔ የትራንስፖርትና የፎቶ ኮፒ ገንዘብም የሚወጣው ከዚያች መኪና ነው። መኪናዋን የገዟት በዕቁብና ከዘመድ በተበደሩት ገንዘብ ነው።

አንድ ቅዳሜ መኪናዋ ጋራዥ ገባች። መካኒኩ የካምቢዮ ዘይቱ ጠቁሯል፣ መቀየር አለበት አለ። አጎቴ ከመኪናዋ መለየት ስላልፈለጉ እኔን ላኩኝ። «ልጄ፣ ሮጥ ብለሽ የካምቢዮ ዘይት ገዝተሽ ነይ፤ ሲቪቲ በያቸው» አሉኝ። መርካቶ ሄጄ አንድ ሱቅ ገባሁ።

«የቪትዝ ካምቢዮ ዘይት ፈልጌ ነበር። ሲቪቲ ነው ብለውኛል።»

ሻጩ ሁለት ዓይነት አወጣልኝ። አንዱ ውድ ነው፤ ሌላው ግን ዋጋው ከግማሽ ያነሰ ነው።

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?» አልኩት።

«እህት፣ ሁለቱም የኦቶማቲክ ነው። ያው ነው። ውዱ ስሙን ነው የምትከፍይበት። ቪትዝ የያዘ ሁሉ ይሄን ቀዩን ነው የሚወስደው።»

እኔም ገንዘብ ማትረፌ ደስ አለኝና ቀዩን ይዤ ተመለስኩ። መካኒኩም ጣሳውን ሳያይ ከፍቶ ጨመረው። አጎቴ «ጎበዝ!» ብለው የተረፈውን ብር ለእኔው ሰጡኝ።

በሦስተኛው ቀን አጎቴ ተሳፋሪ ይዘው ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጡ መኪናዋ ዳገቱ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ነዳጅ ሲሰጧት ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናዋ ግን አትገፋም። ተሳፋሪውን ይቅርታ ጠይቀው አወረዱና ቀስ ብለው ወደ ቤት ተመለሱ። በማግስቱ ወደ ሌላ ጋራዥ፣ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ብቻ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድን። አዛውንቱ መኪናዋን ሳይነኩ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «የጨመራችሁበት ጣሳ የታለ?»

ጣሳው ኋላ ሻንጣው ውስጥ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። «ኤቲኤፍ፣ ዴክስሮን 3» አሉ። ከዚያም ቀና ብለው «ማነው ይሄን የገዛው?» ሲሉ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሲቪቲ ማለት ምን ማለት ነው?

የተለመደው ካምቢዮ፣ ማኑዋልም ይሁን ኦቶማቲክ፣ ማርሾቹ የተቆጠሩ ናቸው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ እንደ ደረጃ ይወጣል። ሲቪቲ ግን ደረጃ የለውም፤ እንደ ተዳፋት መንገድ ያለ ማቋረጥ ይለዋወጣል። ሲቪቲ የያዘ መኪና ላይ የተሳፈረ ሰው ማርሽ ሲቀየር የሚሰማው ጎተት የማድረግ ስሜት የማይሰማው ለዚህ ነው።

ውስጡ ሁለት ፑሊዎች አሉ። እያንዳንዱ ፑሊ ፊት ለፊት ከተገጠሙ ሁለት ሾጣጣ ብረቶች የተሠራ ነው። በሁለቱ ፑሊዎች መካከል ቺንጋ ይዞራል። ሾጣጣዎቹ ሲቀራረቡ ቺንጋው ወደ ውጭ ይገፋል፣ የሚዞርበት ክብም ይሰፋል፤ ሲራራቁ ቺንጋው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ክቡም ይጠባል። አንዱ ሲሰፋ ሌላው ይጠባል። እንግዲህ የፍጥነቱና የጉልበቱ መለዋወጥ የሚመጣው በዚህ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዳፍ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1958 ለሕዝብ ባሳየው ዳፍ 600 በተባለ ትንሽ መኪና ላይ ሁብ ቫን ዶርን የሠራውን ቫሪዮማቲክ የተባለ ሲቪቲ ገጥሞ ነበር። በዚያን ጊዜ ቺንጋው የጎማ ነበር። በኋላ ግን በብረት ቺንጋ ተተካ፤ ሱባሩ እ.ኤ.አ. በ1987 ጀስቲ በተባለችው መኪና ላይ አውጥቶታል። የዛሬው የብረት ቺንጋ በመቶዎች ከሚቆጠሩ ስስ የብረት ቁርጥራጮች የተሠራ ሲሆን፣ ቁርጥራጮቹን በግራና በቀኝ የተደራረቡ ስስ የብረት ቀለበቶች አንድ ላይ ይይዟቸዋል።

ልብ በሉ! ብረት በብረት ላይ ነው የሚዞረው። በቺንጋውና በፑሊው መካከል ጥርስ የለም። ጉልበቱ የሚተላለፈው በመጣበቅ፣ ማለትም በሰበቃ ብቻ ነው። በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ደግሞ ስስ የዘይት ሽፋን ነው። ጉዳዩ ሁሉ የሚያያዘው ከዚህች ሽፋን ጋር ነው።

ዘይቱ ምን ይሠራል?

ብዙዎቻችን ዘይት ማለት የሚያንሸራትት ነገር ነው ብለን እናስባለን። የሲቪቲ ዘይት ግን ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይጠበቅበታል። በአንድ በኩል ብረቱ እንዳይፋቅና እንዳይበላ መጠበቅ አለበት፤ በሌላ በኩል ደግሞ ቺንጋው ፑሊው ላይ እንዳይንሸራተት መያዝ አለበት። ይህን የሚያደርጉት ዘይቱ ውስጥ የተጨመሩ ልዩ ኬሚካሎች ናቸው። ከዚህም በላይ ፑሊዎቹን ጨምቆ የሚይዘው ፖምፓው የሚፈጥረው የዘይት ግፊት ነው። ሙቀትንም ተሸክሞ የሚያወጣው ይኸው ዘይት ነው።

ተራው የኦቶማቲክ ዘይት፣ ማለትም ኤቲኤፍ፣ የተቀመመው ለሌላ ሥራ ነው። ባለ ማርሽ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ እየተያያዙ የሚላቀቁ፣ ፊታቸው ከወረቀት መሰል ነገር የተሠራ የፍሪሲዮን ሳህኖች አሉ። ኤቲኤፍ እነሱ ሳይጎተቱና ሳይንቀጠቀጡ እንዲያያዙ የሚያለሰልስ ቅመም አለው። ያ ቅመም ለሳህኖቹ መድኃኒት ሲሆን ለብረት ቺንጋ ግን መርዝ ነው። እጁን በሳሙና የለቀለቀ ሰው የጠርሙስ ክዳን አጥብቆ ለመክፈት ሲታገል ማለት ነው። እጁ ይዞራል፣ ክዳኑ ግን አይዞርም። ቺንጋው ሲንሸራተት የፑሊው ፊት ይቧጨራል፤ የተፋቀው ብረት ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ፖምፓውንና ቫልቮቹን ይጎዳል። አንዴ የተቧጨረ ፑሊ ደግሞ በዘይት አይድንም።

አዛውንቱ መካኒክ ይህን ሁሉ ካስረዱን በኋላ «መኪናዋ በሦስት ቀን ማልቀሷ ደግ አደረገች። ዝም ብላ ብትሠራ ኖሮ ካምቢዮውን ትቀብሩት ነበር» አሉ።

ስሙ አንድ፣ ካምቢዮው ሌላ

ሻጩ «ቪትዝ የያዘ ሁሉ ይሄን ነው የሚወስደው» ሲለኝ ሙሉ በሙሉ ውሸት ላይሆን ይችላል። ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ስትጀመር የመጀመሪያዎቹ በብዛት ባለ 4 ማርሽ ኦቶማቲክ ወይም ማኑዋል ነበሩ። ሲቪቲ በብዛት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ከወጣው ሁለተኛው ትውልድ ጋር ነው። ያሪስ ተብለው ለሌላ ገበያ ከተሠሩት መካከልም ባለ 4 ማርሽ ኦቶማቲክ የሆኑ ሞልተዋል። ሁሉም ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። መያዣው ላይም ሁሉም ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ ነው የሚለው። ስለዚህ በመኪናው ስም ብቻ ዘይት መግዛት በስም ብቻ መድኃኒት እንደማዘዝ ነው።

ሌላው የሚያሳስተው ሃይብሪድ ነው። የቶዮታ ሃይብሪዶች፣ ለምሳሌ ፕሪየስ፣ ካምቢዮአቸው «ኢ-ሲቪቲ» ይባላል። ውስጡ ግን ቺንጋም ሾጣጣ ፑሊም የለውም፤ ያለው የማርሾች ስብስብና ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ነው። ቶዮታ ለነሱ የሚያዘው ኤቲኤፍ ደብሊውኤስ የተባለውን እንጂ የሲቪቲ ዘይት አይደለም። እዚህ ላይ ስሙ «ሲቪቲ» ቢልም የሲቪቲ ዘይት መጨመር ስሕተት ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ሲቪቲ መሆኑ ከተረጋገጠም በኋላ ነገሩ አላለቀም። ለሞተር ዘይት ኩባንያዎች ሁሉ የሚጠቀሙበት እንደ ኤፒአይ ያለ የጋራ ደረጃ አለ። ለሲቪቲ ዘይት ግን እያንዳንዱ መኪና ሠሪ የራሱን መሥፈርት ነው የሚያወጣው። ቶዮታ ቲሲ እና በኋላ የመጣው ኤፍኢ አለው፤ ኤፍኢ ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ቀጠን ያለ ነው። ኒሳን ኤንኤስ-1፣ ኤንኤስ-2 እና ኤንኤስ-3 አለው። ሆንዳ ቀድሞ ኤችኤምኤምኤፍ፣ በኋላ ኤችሲኤፍ-2 አውጥቷል። ሚትሱቢሺ ጄ1 እና ጄ4 ይላል፤ ሱዙኪ ደግሞ ግሪን 1 እና ግሪን 2 የሚባሉ አሉት። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ይሻላል ማለት አይደለም። መኪናው የተሠራበትን ነው መከተል ያለብን።

ቀለምም ምስክር አይሆንም። ኤቲኤፍ ብዙ ጊዜ ቀይ የሚሆነው ቀለም ስለሚጨመርበት ነው፤ የሲቪቲ ዘይቶችም እንደየ ሠሪያቸው በልዩ ልዩ ቀለም ይመጣሉ። እኔ «ቀዩ» ብዬ ስገዛ በቀለም ነበር የገዛሁት።

ታዲያ እንዴት እንምረጥ?

አንደኛ፣ ካምቢዮውን ለዩ። ቶዮታ ከሆነ ኮፋኖውን ስትከፍቱ ወይም በሩ አጠገብ የሞዴልና የካምቢዮ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ሳህን ወይም ወረቀት ታገኛላችሁ። የካምቢዮው ቁጥር በኬ ከጀመረ፣ ለምሳሌ ኬ410 ካለ፣ ሲቪቲ ነው። በዩ ከጀመረ ባለ ማርሽ ኦቶማቲክ፣ በፒ ከጀመረ ደግሞ ሃይብሪድ ነው።

ሁለተኛ፣ የዘይቱን ስም ከመኪናው ፈልጉ። የመጀመሪያው ምንጭ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው። ከጃፓን ያገለገሉ ሆነው የሚመጡ መኪኖች መመሪያቸው በጃፓንኛ ነው፤ ብዙዎቹም ጠፍቶባቸዋል። ቢሆንም የዘይቱ ስም ብዙ ጊዜ በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ወይም በራሱ በካምቢዮው አካል ላይ ተጽፎ ይገኛል። እሱም ካልተገኘ የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ ወኪሉ ዘንድ ወይም የመለዋወጫ ካታሎግ ያለው ሰው ዘንድ መጠየቅ ይቻላል። በእኛ መኪና መለኪያው ላይ «ሲቪቲ ፍሉይድ ቲሲ» የሚል ተቀርጾበት ነበር። ከኮፋኖው ሥር፣ ለዓይናችን ቅርብ ሆኖ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ማንም አላነበበውም።

ሦስተኛ፣ ጣሳው ምን እንደሚል በደንብ አንብቡ። ለብዙ መኪና ይሆናል የተባለ «የሁሉም ሲቪቲ» ዘይት አለ። ሁሉም መጥፎ ነው ማለት አይቻልም፤ ታዋቂ ዘይት ሠሪዎችም ያመርቱታል። ግን ጀርባው ላይ የሚጻፈው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። «የዚህ መኪና ሠሪ ፈቃድ አለው» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ለዚህ መኪና ይስማማል» ማለት ሌላ ነው። የመጀመሪያው መኪና ሠሪው የመሰከረው ነው። ሁለተኛው ዘይት ሠሪው ስለ ራሱ ዕቃ የተናገረው ነው። ለምሳሌ ዴክስሮን የጄነራል ሞተርስ መሥፈርት ሲሆን፣ ኩባንያው ለዴክስሮን 3 ፈቃድ መስጠት ካቆመ እ.ኤ.አ. ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ዛሬ ያ ስም ያለበት ጣሳ የሚናገረው በራሱ በዘይት ሠሪው ቃል ብቻ ነው። እኛ ክፍል ውስጥ «ባለቤቱ ስለ ራሱ የተናገረውና ገለልተኛ ወገን ያረጋገጠው አንድ አይደለም» እየተባልን ስንማር ከርመን፣ እኔ ሱቅ ስገባ ትምህርቱን በር ላይ ጥዬው ገባሁ። የመኪናችሁ መሥፈርት በስሙ ካልተጠቀሰ ደግሞ ጭራሽ አትግዙ።

አራተኛ፣ የታሸገ ግዙ። ከበርሜል እየተቀዳ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ የካምቢዮ ዘይት ምን እንደሆነ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። የክዳኑ ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑን እዩ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ባዶ ጣሳውን አትጣሉ። እኛን ያዳነን ጣሳው ነበር።

አምስተኛ፣ ሲቀየር ቁሙ። የወጣው ዘይት ስንት እንደሆነ ይለካ፤ የሚገባውም ያንኑ ያህል ይሁን። ቢበዛ አረፋ ይሠራል፤ ቢያንስ አየር ይስባል፤ በሁለቱም ግፊቱ ይወርዳል። ልኩ የሚታየው መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱም መመሪያው ባለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ነው። መለኪያ ዘንግ የሌላቸው መኪኖች ስላሉ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው መስጠት ይሻላል።

መቼ ይቀየር?

አንዳንድ ሰው «የሲቪቲ ዘይት ዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም» ይላል። የመኪና መመሪያዎች ግን ለከባድ አገልግሎት ብለው የተለየ የጊዜ ሰሌዳ ያስቀምጣሉ። የአዲስ አበባን መንገድ አስቡት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ ዳገትና ቁልቁለቱ የታወቀ ነው፤ መቆምና መነሳቱም ሌላ ነው። ዘይት የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ሙቀት ደግሞ የሚበዛው እንዲህ ባለ ሥራ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው የሚያመላልስ መኪና የከባድ አገልግሎት መኪና ስለሆነ መመሪያው ለዚያ ያስቀመጠውን ኪሎ ሜትር ነው መከተል ያለበት።

ስሕተቱ ከተፈጸመስ?

እንደ እኛ የገጠመው ሰው መጀመሪያ መኪናውን ማቆም አለበት። «እስቲ ትንሽ ልሞክራት» ማለት ቺንጋውን መጨረስ ነው። ቀጥሎ የሚያስቸግረው፣ የተሳሳተውን ዘይት በአንድ ጊዜ ማውጣት አለመቻሉ ነው። የታችኛው ቡሎን ሲፈታ የሚወጣው ካርተሩ ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ የቀረው በየቧንቧውና በሌሎቹ ክፍሎች ውስጥ ይቀራል።

አዛውንቱ በእርሳስ አስልተው ያሳዩኝን ላካፍላችሁ። ለሒሳቡ እንዲመች ጠቅላላው 7 ሊትር ነው፣ በአንድ ጊዜ የሚወጣው 3 ሊትር ነው እንበል። ያኔ የገባው የተሳሳተ ዘይት 3 ሊትር ነው። ከ7ቱ 3ቱን አውጥተን ትክክለኛውን ስንጨምር የሚቀረው የተሳሳተ ዘይት 1.7 ሊትር ያህል ነው። ሁለተኛ ስንደግመው ወደ 1 ሊትር ይወርዳል፤ በሦስተኛው ግማሽ ሊትር ገደማ ይቀራል። በየመካከሉ መኪናዋ በቀስታ ትንቀሳቀሳለች፣ እንዲቀላቀል። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። በ3 ሊትር ዘይት ላይ ገንዘብ አተርፋለሁ ብዬ 9 ሊትር ውዱን ዘይት አስገዛሁ ማለት ነው። ሲያጌጡ ይመላለጡ ይሉታል እንዲህ ያለውን።

ማጣሪያውም ተለወጠ፤ ካርተሩም ተከፍቶ ታጠበ። እዚያ ያለው ማግኔት ላይ ጥቁር የብረት ዱቄት ተጣብቆ ነበር። አዛውንቱ በጣታቸው አሽተው «ዱቄት ነው፣ ስብርባሪ የለውም። እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። መንቀጥቀጡ ጠፋ። ዳገት ላይ ግን እስካሁን ድረስ ቀድሞ ያልነበረ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። መኪናዋ የቆመችው አምስት ቀን ነው። የአምስት ቀን ሥራ፣ የ9 ሊትር ዘይትና የጋራዥ ክፍያ ሲደመር የአንድ ወር የቤት ኪራይ አለፈ። አጎቴ ገንዘቡን ተበድረው ከፈሉ። አንድም ቀን ግን አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በመጨረሻም

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ረጅም ዕድሜ እንዲሠሩልን የግድ ነው። የኤሌክትሪክ መኪኖች እንዲህ ዓይነት ባለ ቺንጋ ካምቢዮ የላቸውም፤ ስለዚህ የሲቪቲ ጣጣ የሚቀረው ከእኛው አሮጌዎቹ ጋር ነው። አንድ ካምቢዮ ሲሞት የሚተካው ብዙ ጊዜ ታሪኩ በማይታወቅ ያገለገለ ካምቢዮ ነው።

ሻጩን አልወቅሰውም። ዋሽቶኛል ለማለት ሳይሆን፣ እሱም የሰማውን ነው የነገረኝ። የመጀመሪያው መካኒክም ጣሳውን አላየም። ግን ገንዘብ ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ «ያው ነው» የሚለውን ቃል ከአንድ ሰው ሰምቼ ያለ ሁለተኛ ምንጭ ያመንኩትም እኔ ነኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ስለዚህ እናት አባታችሁ፣ ዘመዳችሁ ወይም እናንተው ኦቶማቲክ መኪና ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ ኮፋኖውን ከፍታችሁ የካምቢዮውን ቁጥርና መለኪያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ተመልከቱ፤ ቀድታችሁም ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙት። አንድም ሳንቲም አያስወጣም። እኔ አጎቴ መኪና ውስጥ፣ ከፀሐይ መከላከያው ሥር፣ «ሲቪቲ ቲሲ» ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጥፌአለሁ። ዘይት ለመግዛት አሁንም የሚልኩት እኔን ነው።